ድምፁ አይቆረጥ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ የሚዘልቅ የድምፅና የምስል አገልግሎት እንዴት እንንደፍ?

የእንስሳት ባለሙያው መሐል ሜዳ አጠገብ ካለ በረት ደጃፍ ቆሟል። የስልኩን ካሜራ በአንዲት የታመመች በግ ላይ አነጣጥሯል። የእንስሳት ሐኪሙ ደብረ ብርሃን ቢሮው ተቀምጧል። የበጓ ባለቤት ከጎን ሆነው ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ዶክተር፣ ይሰማዎታል?» ሐኪሙም «ይሰማኛል ጋሼ፤ እስቲ ወደ ብርሃኑ ያምጧት» አለ። ወዲያው ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁም ተከትሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ የቀረን «ሃሎ፣ ሃሎ» ብቻ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራችን እንዲህ አለቀ። ያኔ ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ ጣልን። በኋላ መዝገቡን ከፍተን ስናየው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ደቂቃ ለድምፅ የሚበቃ መስመር ነበረ። ያለውን ሁሉ የጠጣው ምስሉ ነው። ጥፋቱ የእኛ የነዳፊዎቹ ነበር። ድምፅና ምስልን እንደ አንድ ዕቃ አስረናቸው ነበርና አብረው ወደቁ።

ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው እኛ ከጀመርንበት እንዳይጀምር ነው። ምሳሌዬ የበግ ሕክምና ምክር ነው፤ የማውቀው እሱን ነውና። አሠራሩ ግን ለጤና ጣቢያም ሆነ ለትምህርት ቤት ይሆናል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። የምንነድፈው ክፍት የተሠራጨ ሥርዓት ነው። የተሠራጨ ሥርዓት ስል ሥራው በአንድ ማሽን ላይ ያልተቀመጠ ማለቴ ነው። ስልኩ አንድ ክፍል ነው። ጥሪ የሚያገናኘው ሰርቨር ሌላ ክፍል ነው። ፎቶ የሚያስቀምጠው፣ ድምፅ የሚያስተላልፈው፣ ስም የሚፈልገው እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ክፍት ስል ደግሞ እነዚህ ክፍሎች የሚግባቡት ማንም አንብቦ ሊሠራበት በሚችል የታወቀ ደረጃ ነው ማለቴ ነው። አንዱን ነቅላችሁ የሌላ ሰው ሥራ ብትተክሉ የቀረው መሥራቱን ይቀጥላል። በገንዘብም በሰው ኃይልም ጠባብ ለሆነ ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አቅራቢው ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢጨምር አገልግሎታችሁ አብሮት አይዘጋም።

1. ሰርቨር ከመንካታችሁ በፊት አምስቱን ጥያቄዎች ጻፉ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለክፍት የተሠራጩ ሥርዓቶች አንድ የጋራ ማመሳከሪያ አወጡ። ቁጥሩ 10746 ነው፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አርኤም-ኦዲፒ ይባላል። አንድን ሥርዓት ከአምስት አቅጣጫ እንድናየው ያስገድደናል። አገልግሎቱ ለማን፣ በምን ደንብ ይሰጣል? ምን ዓይነት መረጃ ይይዛል? ክፍሎቹ እነማን ናቸው፣ ምንስ ይባባላሉ? እነዚያ ክፍሎች በየትኛው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፣ በምን መስመርስ ይገናኛሉ? በመጨረሻ፣ የትኛውን ዕቃና ሶፍትዌር እንግዛ ወይም እናውርድ?

አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከአምስተኛው ነው። «እገሌ የሚባል ሶፍትዌር ጥሩ ነው አሉ» ብለን እናወርደዋለን። ከዚያ አንደኛውን ጥያቄ ለሶፍትዌሩ እንዲስማማ እናጣምመዋለን። አታድርጉት። አምስቱን በአምስት ገጽ ጻፉ። አራቱ ሳይሞሉ አምስተኛውን አትክፈቱ።

2. ሐኪሙ ምን ማየትና ምን መስማት እንደሚፈልግ ጠይቁ

ከሁሉም ደረጃ ይህኛው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኛ የዘለልነው ይህንን ነበር። «የቪዲዮ ጥሪ ይኑር» ብለን ብቻ ጀመርን። ሐኪሙ አጠገብ ቁጭ ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ሌላ ነገር ይነግረን ነበር።

ለምሳሌ በግ ከሳች፣ ደከመች ሲባል ሐኪሙ የሚፈልገው የዓይኗን ሽፋን ውስጡን ማየት ነው። ትል ደሟን እየመጠጠ ከሆነ ቀዩ ሥጋ ይነጣል። የጉበት ትል ሲሆን ከመንጋጋዋ ሥር ሊያብጥም ይችላል። ይህን የሚያሳየው ቪዲዮ አይደለም። ጥርት ያለ አንድ ፎቶ ነው። ፎቶውም ቀለሙን መዋሸት የለበትም። የስልክ ካሜራ በጥላና በፀሐይ ቀለሙን ይቀያይራል። ስለዚህ ከዓይኗ አጠገብ ነጭ ወረቀት ይዞ ማንሳት ይበቃል። ሐኪሙ ወረቀቱ ምን ያህል እንደነጣ አይቶ የሥጋውን ቀለም ይገምታል።

የመንዝ በግ ጸጉሯ ረጅም ነው፤ ባናና ዝተት የሚሠራበት ያው ጸጉር ነው። ቁስል በዚያ ጸጉር ሥር ተደብቆ ይቀራል። በቪዲዮ ብትዞሯት አይታይም። ጸጉሩን በእጅ ከፍሎ ቀረብ ብሎ ማንሳት ያስፈልጋል። ይህም ፎቶ ነው።

ማንከስ ግን ፎቶ አይሆንም። እርምጃዋ መታየት አለበት። እዚህ ላይ የምስሉ ጥራት ብዙም አያሳስብም፤ ምስሉ መንተፋተፍ የለበትም እንጂ። በሰከንድ 20 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ያለው 320 በ240 ነጥብ የሆነ ትንሽ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 5 ፍሬም ካለው ሰፊና ጥርት ያለ ቪዲዮ ይበልጣል። በቀጥታ መተላለፍም የለበትም። 15 ሰከንድ ቀርጾ መላክ ይበቃል።

ሳልስ? በደጋው አገር የበግ የመተንፈሻ ሕመም የተለመደ ነው። ሐኪሙ ሳሉንና አተነፋፈሷን መስማት ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጥሪ ሶፍትዌሮች ከሰው ንግግር ውጭ ያለውን ድምፅ «ጫጫታ» ብለው የሚያጠፉ ማጣሪያዎች አሏቸው። ለመንዝ ንፋስ እነዚህ ማጣሪያዎች በረከት ናቸው። የበጓን ሳልም ግን አብረው ጠርገው ይጥሉታል። እኛ ሐኪሙ «ምንም አትስልም እኮ» እስኪለን ድረስ አልገባንም ነበር። መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው። ባለሙያው «ሳል አድምጥ» የሚለውን ሲጫን የጫጫታ ማጣሪያው፣ የገደል ማሚቶ ማጥፊያውና ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ይጠፋሉ። ስልኩ 20 ሰከንድ ይቀርጻል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

አሁን ቆጥሩት። በቀጥታ መተላለፍ ያለበት ምን ቀረ? ንግግሩ ብቻ። «መቼ ጀመራት? ምን በላች? ሌሎቹስ?» የሚለው የሁለቱ ሰዎች ወሬ። ሌላው ሁሉ ዘግይቶ ቢደርስም ሥራውን ይሠራል። ይህን ማወቃችን ንድፉን በሙሉ ቀየረው። የእናንተ አገልግሎት ለክሊኒክ ከሆነ መልሱ ሌላ ይሆናል። ጥያቄው ግን ያው ነው።

3. ለእያንዳንዱ ፍሰት ውል ጻፉለት

በተሠራጨ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ዓይነት ግንኙነት አለ። አንዱ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ነው፤ «የዚህችን በግ መዝገብ ስጠኝ» «እነሆ»። ሌላው ሳይቋረጥ የሚፈስ ነው፤ ድምፅና ምስል። ሁለቱን በአንድ መንገድ ለማስኬድ መሞከር የቆየ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው፣ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚጠራሩበት ኮርባ የተባለው ደረጃ የተገነባው በመጠየቅና በመመለስ ላይ ነበር። ለድምፅና ለምስል ፍሰት በኋላ የተለየ ዝርዝር ሊጨመርለት ግድ ሆነ። አርኤም-ኦዲፒ ግን ፍሰትን ራሱን የቻለ የመገናኛ ዓይነት አድርጎ ያየዋል። ከዚያም አልፎ፣ ሁለት ወገኖችን የሚያገናኘው ማሰሪያ ራሱ እንደ አንድ ዕቃ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። ልትጠይቁት፣ ልትለኩት፣ ልታጠብቡት፣ ልትፈቱት ትችላላችሁ።

በተግባር ሲታይ ይህ ማለት አንድ ጥሪ አንድ ማሰሪያ አይደለም ማለት ነው። ድምፁ የራሱ ማሰሪያ አለው። የቀጥታ ምስሉ የራሱ አለው። ፎቶው የራሱ። አንዱ ሲፈታ ሌላው አይነካም።

ለእያንዳንዱ በአንድ ገጽ ላይ ውል ጻፉ። ምን ያህል መዘግየት ይችላል? ምን ያህል ፓኬት (ድምፁ ወይም ምስሉ ተቆራርሶ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ቢጠፋ ይታገሣል? ቢያንስና ቢበዛ ስንት ኪሎቢት በሰከንድ ይፈልጋል? ውሉ ሲፈርስ ለማን ይነገራል? የእኛ የድምፅ ውል እንዲህ ይነበባል፦ «ከአፍ እስከ ጆሮ ከ400 ሚሊሰከንድ በላይ አይዘገይም። ከ15 እስከ 35 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃዋል። ከጥሪው ሁሉ መጨረሻ የሚቋረጥ እሱ ነው።» የፎቶው ውል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እስኪደርስ የፈለገውን ያህል ይዘግይ። አንድም ባይት ግን አይጥፋ።» ልዩነቱን አያችሁት? አንደኛው ጊዜን እንጂ ሙሉነትን አይጠይቅም። ሁለተኛው ሙሉነትን እንጂ ጊዜን አይጠይቅም። ስለዚህ ድምፁ የጠፋውን ሳይጠብቅ በሚያሳልፈው በዩዲፒ ይሄዳል፣ ፎቶው የጠፋውን እንደገና በሚልከው በቲሲፒ።

ፎቶውን ስትልኩ ቆራርሳችሁ ላኩት፤ ለምሳሌ በ64 ኪሎባይት። 200 ኪሎባይት የሆነ ፎቶ በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ 16 ሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና። በ14ኛው ሰከንድ መስመሩ ቢቆረጥ ከመጨረሻው ቁራጭ መቀጠል እንጂ እንደገና ከዜሮ መጀመር የለበትም። ባለሙያው ለዳታው ከኪሱ እየከፈለ ሊሆን ይችላል።

4. ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ግን ያድናል።

በድሮው የስልክ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቁጥር ቀይሮ የሚያሽግ ዘዴ) በጂ.711 እንጀምር። በሰከንድ 8,000 ጊዜ፣ በ8 ቢት ይለካል። 64 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ድምፁን በየ20 ሚሊሰከንዱ በፓኬት ብናስረው እያንዳንዱ 160 ባይት ድምፅ ይይዛል። በላዩ ፓኬቱን የሚመሩት የአርቲፒ፣ የዩዲፒና የአይፒ አድራሻዎች (ፖስታው በሉት) ሲጨመሩ 40 ባይት ናቸው። በሰከንድ 50 ፓኬት ስለሚወጣ ድምሩ 80 ኪሎቢት ይሆናል።

አሁን ኦፐስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ክፍት ኮዴክ ነው፤ ያለ ክፍያ ይሠራበታል። ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት በሰከንድ ይሄዳል። በ16 ኪሎቢት ንግግር በደንብ ይሰማል። በ20 ሚሊሰከንድ ብናስረው ግን ድምፁ 40 ባይት፣ አድራሻውም 40 ባይት ይሆናል። ግማሹን የምትከፍሉት ለፖስታው ነው! በ60 ሚሊሰከንድ ስናስረው ድምፁ 120 ባይት፣ አድራሻው ያው 40 ነው። ከ32 ኪሎቢት ወደ 21 ገደማ ወረደ። በአሥር ደቂቃ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 2.4 ሜጋባይት የነበረው 1.6 ይሆናል። የምስጠራው ጭማሪ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ዋጋውስ? መዘግየት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 የተባለው ምክር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ለአብዛኛው ጥሪ ጥሩ ነው ይላል። ከ400 በላይ ደግሞ በንድፍ ውስጥ አይግባ ይላል። የእኛን እንደምር። ኦፐስ በ60 ሚሊሰከንድ ሲታሰር 66.5 ይወስዳል። ለኔትወርኩ 90 እንስጠው። ፓኬቶች ወጣ ገባ ብለው ሲደርሱ የሚያስተካክለው መጠባበቂያ 60 ይፈልጋል። ለስልኩ ማይክና ድምፅ ማውጫ 40። ድምሩ 256.5 ነው። ከ150 በላይ ነው፤ ከ400 ግን በታች ነው። ለሐኪምና ለገበሬ ምክክር ይህን መዘግየት ተቀብለን ዳታውን አተረፍን። ለሙዚቃ ትምህርት ቢሆን ኖሮ አልቀበለውም ነበር።

ምስሉን ለማነጻጸር ያህል ብቻ እዩት። 640 በ360 የሆነ ምስል በሰከንድ 15 ፍሬም ሳይታመቅ 41.5 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ነው። ወደ 300 ኪሎቢት ለማውረድ ኮዴኩ ከ130 ጊዜ በላይ ያጨምቀዋል። ያም ሆኖ በአሥር ደቂቃ 22.5 ሜጋባይት ይበላል፤ ከድምፁ አሥራ አራት እጥፍ ነው።

5. ርቀትን በካርታ ሳይሆን በፓኬቱ መንገድ ለኩ

ደብረ ብርሃንና አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ድምፅና ምስል የሚያስተላልፈው የሚዲያ ሰርቨራችሁ ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ድምፁ አውሮፓ ደርሶ ነው አንኮበር የሚገባው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ1,000 ኪሎ ሜትር 5 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሄዶ ሲመለስ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ አለቀ። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ባሕር ዞሮ ነው። ከሰጠነው 90 ውስጥ ምን ተረፈ?

ስለዚህ የሚዲያ ሰርቨሩን አገር ውስጥ አስቀምጡ። ቢቻል ደብረ ብርሃን ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የሞባይል ዳታ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ኦፕሬተሩ ዋና በር ይሄዳል። ያ በር አዲስ አበባ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ያስቀመጣችሁት ሰርቨር ፓኬቱን አዲስ አበባ አድርሶ ወደ ኋላ ያስመልሰዋል። በግምት አትሥሩ። ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከዓለም ከተማም በስልክ ፒንግ አድርጉ፤ ትንሽ ፓኬት ልካችሁ ሄዶ እስኪመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ እዩ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለኩ። በሁለቱም ኦፕሬተር ሲም ለኩ። ከዚያ ቦታውን ምረጡ።

ሌላው የመንገዱ ጉዳይ አድራሻ ነው። ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው የአደባባይ አድራሻ የላቸውም። ብዙዎቹ በአንድ አድራሻ ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለት ስልኮች በቀጥታ መገናኘት ሊያቅታቸው ይችላል። በአሳሽና በስልክ የድምፅና የምስል ጥሪ የሚሠራበት ክፍት ደረጃ፣ ዌብአርቲሲ፣ ለዚህ አይስ የሚባል ዘዴ አለው። መጀመሪያ በቀጥታ ይሞክራል። ካልሆነ ተርን በሚባል አስተላላፊ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ኮተርን የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር መትከል ትችላላችሁ። በዩዲፒ ብቻ አትተዉት፤ በፖርት 443 በቲሲፒም ይክፈት። የቢሮ ኔትወርክ ሌላውን በር ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ለሁለት ሰው ጥሪ ከዚህና ጥሪውን ከሚያገናኘው ሌላ ሰርቨር አያስፈልግም። አምስት ባለሙያዎች በአንድ ላይ ከተወያዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁሉም ለሁሉም ከላከ እያንዳንዱ ስልክ አራት ጊዜ ይልካል። በመሃል አንድ አከፋፋይ ሰርቨር ሲኖር አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል። ጃነስና ጂትሲ የተባሉት ክፍት ሶፍትዌሮች ይህን ይሠራሉ። መስመራቸው በጣም ለደከመ ቦታዎች ድምፆቹን ሁሉ ደባልቆ አንድ አድርጎ የሚልክ ሰርቨር ይሻላል። ማሽኑን ያደክማል፤ ስልኩን ግን ያሳርፋል።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙትንም አትርሱ። ብዙ የበግ ባለቤቶች ያላቸው እሱ ነው። ዌብአርቲሲ የጥሪ ማገናኛውን ቋንቋ ለእናንተ ምርጫ ትቶታል። ብዙ ድርጅቶች የየራሳቸውን ፈጥረው ክፍትነቱ እዚያ ላይ ይሰበራል። እናንተ ኤስአይፒን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸና ደረጃ ነው። አስተሪስክ የተባለውን ክፍት የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር በመሃል ብታስቀምጡ በአንድ ወገን ኦፐስን፣ በሌላው ወገን ጂ.711ን እየተረጎመ ተራውን ስልክ ከሐኪሙ ኮምፒዩተር ጋር ያገናኛል።

6. መስመሩ ሲጠብ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ወስኑ

እናንተ ካልወሰናችሁ ኔትወርኩ ይወስናል። የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መስመሩ ሲጠብ መጀመሪያ የቀጥታ ምስሉ ፍሬም ይቀንሳል። ቀጥሎ መጠኑ ያንሳል። ቀጥሎ ምስሉ ራሱ ይጠፋል፤ በቦታው የመጨረሻው ጥርት ያለ ፎቶ ይቆማል። በመላክ ላይ ያለ ፎቶ ካለ ይቆማል፣ ተራውን ይጠብቃል። ድምፁ ፖስታው ሳይቆጠር ከ16 ወደ 10 ኪሎቢት ይወርዳል። ከዚህ በታች ከሆነ ጥሪው ወደ ድምፅ መልእክት ይቀየራል፤ ሰውየው ተናግሮ ይልካል፣ ሐኪሙ ሰምቶ ይመልሳል።

ይህ እንዲሆን ለምስሉ የኪሎቢት ጣሪያ አብጁለት። ለድምፁ ቅድሚያ ስጡት። በኦፐስ ውስጥ ያለውን የጠፋ ፓኬት መጠገኛ አብሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ለሰውየው ንገሩት። ምስሉ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ «መስመሩ ጠቧል፤ ድምፅዎ ግን ይሰማል» የሚል ጽሑፍ ይውጣ። ይህች አንዲት መስመር ጽሑፍ ስንቱን ጥሪ እንዳዳነች እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ምስሉ ሲቆም ስልኩን ይዘጋል። ድምፁ እንዳለ ካወቀ ግን ማውራቱን ይቀጥላል።

7. ስም፣ ሰዓትና ፊደል

ክፍሎቹ የሚፈላለጉት በስም ነው። ስልኩ «የመሐል ሜዳን ሐኪም አገናኘኝ» ይላል እንጂ የሰርቨር አድራሻ አያውቅም። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «መሐል ሜዳ» ይጽፋል፣ ሌላው «መሃል ሜዳ»። አንዱ «ዓለም ከተማ»፣ ሌላው «አለም ከተማ»። «ሸዋ ሮቢት» አንድ ላይም ለየብቻም ይጻፋል። የስም መዝገቡ ከመፈለጉ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነእርባታቸው አንድ ያድርግ፤ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም አንድ ይቆጠሩ። ክፍት ቦታውንም ያጥፋ። ለማሳየት ግን ሰውየው የጻፈውን እንዳለ ይያዝ።

ሰዓቱ ብዙ ሰው አሳስቷል። ባለሙያው «ነገ 3 ሰዓት ጠዋት» ብሎ ቀጠሮ ይይዛል። ስልኩ 9:00 ይላል። በዓለም አቀፉ ሰዓት 6:00 ነው። በመዝገቡ ውስጥ የዓለም አቀፉን ብቻ አስቀምጡ። ስክሪኑ ላይ የእኛን አቆጣጠር አሳዩ፣ ቀኑንም ወሩንም ጭምር። «3 ሰዓት»ንና «9:00»ን በአንድ ሣጥን ውስጥ የቀላቀለ ሥርዓት የስድስት ሰዓት ስሕተት አያጣውም።

ማስታወሻ በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ አንድ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። «ሐኪሙ 3 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። በጓን ቅርብ ያድርጓት።» በአንዱ ይበቃል።

8. ቁልፉን ማን ይዟል?

ዌብአርቲሲ ድምፅና ምስልን ሳያመሰጥር አይልክም። አከፋፋይ ሰርቨር በመሃል ካለ ግን ምስጠራው እስከ ሰርቨሩ ነው፤ እዚያ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። ስለዚህ ሰርቨሩን የሚነካው ሰው የታመነ ይሁን። ጥሪ ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡት። የበጓ ፎቶ ውስጥ የቤተሰቡ ፊትና ግቢው አብሮ ይገባልና።

9. ቢሮ ውስጥ ሰብሩት፣ ከዚያ መንገድ ላይ አውጡት

ሊኑክስ ላይ ኔተም የሚባል መሣሪያ አለ። መዘግየትና የፓኬት መጥፋት ሆን ብሎ ይጨምራል። መጀመሪያ 100 ሚሊሰከንድ መዘግየትና 2 በመቶ መጥፋት አድርጉ። ቀጥሎ 300 ሚሊሰከንድና 10 በመቶ። በየደረጃው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይነጋገሩ። አንዱ አሥር የበግ ቁጥር ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ስንቱን በትክክል እንደጻፈ ቁጠሩ። ከማንኛውም ሠንጠረዥ በላይ እሱን አምናለሁ።

ከዚያ መኪና ውስጥ ግቡ። ከደብረ ብርሃን ጥሪውን ጀምሩና ወደ ጣርማ በር ውጡ። ዋሻው ውስጥ ሲግናል ሊጠፋ ይችላል። የምትፈትኑት ሲወጣ የሚሆነውን ነው። ስልኩ ምናልባት ሌላ አንቴና፣ ሌላ አድራሻ ይዞ ይወጣል። ሥርዓቱ አይስን እንደገና አስጀምሮ ጥሪውን በራሱ ማንሳት አለበት። ሰው እንደገና መደወል ካለበት አልሠራም ማለት ነው። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ተራራው አንቴናውን ይሸፍናል፣ ይገልጣል። በየኩርባው ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደተቆረጠ መዝግቡ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ መዝገቡን እዩ።

በመጨረሻ ስልኩን ለባለሙያው ስጡትና ለሁለት ሳምንት አትጠሩት። በየጥሪው መጨረሻ ስልኩ ሦስት ቁጥር ይላክላችሁ፦ ስንት ፓኬት ጠፋ፣ ስንት ሚሊሰከንድ ዘገየ፣ ምስሉ በስንተኛው ደቂቃ ወደቀ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ሐኪሙ ሂዱ። «የትኛዋን በግ ሳያዩ ማከም አቃተዎት?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ገጽ ወስዳችሁ ጻፉት፤ ውሎቹን ከዚያ እንደገና አንብቧቸው።